ባትሪ ስትገዙ መጀመሪያ ደብዛዛውን እዩ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ያን ሰሞን ከደሴ ወጣ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ምጥ የያዛት ልጅ አልጋ ላይ ናት። እናቷ ጥግ ይዘው ዱዓ ያደርጋሉ። መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ነዳጅ የለውም።

እኔ ግን አልደነገጥኩም። ቦርሳዬ ውስጥ ሳምንት ያልሞላው አዲስ የእጅ ባትሪ ነበረኝ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያየ ሰው የመኪና መብራት ነው ይለዋል። አበራሁት። ክፍሉ እንደ ቀትር ነጣ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ከነጩ አንሶላ ላይ የሚመለሰው ብርሃን የእኔንም ዓይን ወጋው። ልቀንሰው ብል መቀነሻ የለውም። አንዴ ሲጫኑት እሱ ነው፤ ሁለተኛ ሲጫኑት ብልጭ ድርግም ይላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደበዘዘ። ከዚያ ጠፋ። ሕፃኑ የተወለደው አያቱ ከፍ አድርገው በያዙት በእኔ ስልክ ብርሃን ነው። ስልኩ 11 ፐርሰንት ቀርቶት ነበር።

እናትም ልጅም ደህና ሆኑ፣ ተመስገን። እኔ ግን ያን ሌሊት አልረሳውም። የሚያስፈልገኝ ትንሽ ብርሃን ነበር። ትንሽ፣ ግን እስኪነጋ የሚቆይ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ባትሪ ገዝቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ፒያሳ አካባቢ ሞባይልና ሬዲዮ ይጠግናል። የተበላሸ ባትሪ ሁሉ እሱ ጋ ስለሚመጣ ውስጡን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። እዚህ የምጽፈው ከእሱ የተማርኩትን እና በእጄ የሞከርኩትን ነው። የመጀመሪያ ባትሪውን ሊገዛ ላሰበ፣ ኪሱም ለማይፈቅድለት ሰው ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በእኛ አነጋገር መያዣውም ባትሪ ነው፣ ውስጡ የሚገባውም ባትሪ ነው። እንዳይምታታብን መያዣውን ባትሪ፣ ውስጡ የሚገባውን ድንጋይ እላለሁ።

ደብዛዛው ለምን ይቀድማል

ሰው ባትሪ ሲገዛ የሚያየው ትልቁን ብርሃን ነው። ባለሱቁም ወደ ማዶ ግድግዳ ያበራና "እይው እንግዲህ!" ይላል። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። መጀመሪያ የምታዩት ዝቅተኛውን ብርሃን ይሁን።

እስቲ ባለፈው ሳምንት ጨለማ ውስጥ ምን ምን እንዳደረጋችሁ አስቡ። መብራት ሲሄድ ወጥ አማስላችኋል። ልጅ ሽንት ቤት አድርሳችኋል። እዚህ ደሴ ደግሞ ግቢው ሁሉ ተዳፋት ነው፤ ሽንት ቤት ለመድረስ ሦስት አራት የድንጋይ ደረጃ መውረድ አለ። ጎረቤቴ በረመዳን ለሱሁር ስትነሳ አንድ ክፍል ውስጥ የተኙትን ልጆች መቀስቀስ አትፈልግም። እናቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለኪዳን ስትወጣ ነጠላዋን እና ጫማዋን ነው የምትፈልገው። እነዚህ ሁሉ ከእጃችን ሁለት ሦስት እርምጃ የማይርቁ ሥራዎች ናቸው። ትልቅ ብርሃን አያስፈልጋቸውም፤ እንዲያውም ይጎዳቸዋል። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ኃይለኛ ብርሃን ያንን ልምድ ወዲያው ያጠፋዋል። ባትሪውን ስታጠፉት ከበፊቱ የባሰ ጨለማ ውስጥ ትቀራላችሁ።

የብርሃን መጠን በሉመን ይለካል። አንድ ሻማ በግምት 12 ሉመን ይሰጣል። ይህን ካወቃችሁ ሌላው ይቀላል። ለመኝታ ቤት ከ1 እስከ 5 ሉመን ይበቃል። ለወጥ ቤት፣ ለማንበብ፣ ሕፃን ለመቀየር ከ10 እስከ 30። ጭቃና ድንጋይ ያለበትን መንገድ ለመሄድ ከ100 እስከ 150። ውሻ ሲጮህ ከግቢ ወጥቶ ማዶ ለማየት፣ ጅብ ይሁን ሰው ለመለየት ከ300 እስከ 500። ከዚያ በላይ ለመጀመሪያ ባትሪ ትርፍ ነው።

ደግሞ ዓይን ብርሃንን እንደ ሚዛን አይቆጥርም። 400 ሉመን የ100 ሉመን አራት እጥፍ ነው። ለዓይን ግን እጥፍ ያህል ብቻ ነው የሚመስለው። ድንጋዩን ግን በደንብ አራት እጥፍ ይበላዋል። ለዚህ ነው በትልቁ ቁጥር መሸወድ የለብንም የምለው። የምትከፍሉት ለአራት ነው፣ የምታዩት ሁለት ነው።

ስለዚህ መስፈርቱ ይህ ነው። ባትሪው ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት የብርሃን ደረጃ ይኑረው። ዝቅተኛው ከሁለት ሻማ አይብለጥ። ሲበራ ከዝቅተኛው ቢጀምር ወይም መጨረሻ የተጠቀማችሁበትን ደረጃ ቢያስታውስ በጣም ጥሩ። ብልጭ ድርግሙ ከሦስቱ ደረጃዎች መሐል ከተሰካ ግን ተዉት። ከዝቅተኛ ወደ መካከለኛ ለመሄድ በየጊዜው በብልጭታ ውስጥ ማለፍ ያሰለቻል። ታማሚ ያለበት ክፍል ውስጥማ ጭራሽ አይሆንም። አንዳንዶቹ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ሲጫኑት ብቻ የሚወጣ ብልጭታ አላቸው፤ እነዚህ ችግር የለባቸውም።

ምን ይበላል?

ብዙ ሰው የማይጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። ባትሪ አንዴ ይገዛል፤ ድንጋይ ግን ዕድሜ ልክ ይገዛል። እናቴ ለረጅም ዓመት ባለ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ባትሪ ነበር የምትጠቀመው። በወር ሁለት ጥንድ ትጨርሳለች። በዓመት 48 ድንጋይ ማለት ነው። አንድ ቀን የ48 ድንጋይ ዋጋ ደምረን ስንነግራት "ይሄማ በግ ነው" አለች። እናንተም ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ይህችን ሂሳብ ሥሩ። የሰፈራችሁን የድንጋይ ዋጋ ውሰዱና በዓመቱ አባዙት። ርካሽ የመሰለው ባትሪ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሱቅ ውስጥ የምታገኟቸው በአመጋገብ አምስት ዓይነት ናቸው። አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

የመጀመሪያው በትልቁ ድንጋይ የሚሠራው ነው። ድንጋዩ ገጠር ድረስ በየኪዮስኩ መገኘቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ይከብዳል፣ ድንጋዩ ሲያልቅ ይጣላል፣ ከቆየ ደግሞ ያፈሳል። የርካሹ ድንጋይ ቆርቆሮ ዚንክ ነው። ድንጋዩ ኃይል በሰጠ ቁጥር ያ ቆርቆሮ ራሱ ይበላል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ይበሳል። ውስጡ ያለው ጨዋማ ነገር ወጥቶ ሞላውን ያዝገዋል። ወንድሜ ጋ ከሚመጡት ባትሪዎች ብዙዎቹ አምፖላቸው ደህና ነው። የሞቱት በዝገት ነው።

ሁለተኛው በግድግዳ ሰዓት ድንጋይ የሚሠራው ነው። ለመጀመሪያ ባትሪ በጣም የምወደው ይህንን ነው። ትንሽ ነው፣ ኪስ ይገባል፣ ድንጋዩ የትም አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተመሳሳይ መጠን ያለው፣ ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ አለው። በላዩ 1.2 ቮልት የሚል ተጽፎበታል። መደበኛው 1.5 ነው፤ ልዩነቱ አያሳስባችሁ፣ በዚህ ድንጋይ የሚሠራ የኤልኢዲ ባትሪ ችግር የለበትም። ብዙ መቶ ጊዜ ቻርጅ ይደረጋል። አራት ድንጋይና ቻርጀር አንዴ ከገዛችሁ ሁለቱ ሲሠሩ ሁለቱ ቻርጅ ላይ ናቸው። መብራት ለሦስት ቀን ቢጠፋ ደግሞ ከኪዮስክ መደበኛውን ድንጋይ ገዝታችሁ ትቀጥላላችሁ።

ሦስተኛው ወፍራም ጣት የሚያህል የሊቲየም ድንጋይ ያለው ነው። ቁጥሩ 18650 ነው። 18 ወርዱ በሚሊ ሜትር፣ 65 ርዝመቱ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ዜሮ ክብ ቅርጽ መሆኑን ትናገራለች። የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥም የሚገባው ይኸው ነው። ደህናው አንድ ድንጋይ የአራት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ያህል ኃይል ይይዛል። በ10 ሉመን ቢበራ ወደ 100 ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። በ300 ሉመን ቢበራ ደግሞ ሦስት ሰዓት ከግማሽ ያህል። የደብዛዛውን ጥቅም አያችሁ? ያው ድንጋይ ነው።

ግን እዚህ ጋ ውሸት በዝቷል። የ18650 ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ከ2000 እስከ 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው የሚይዘው። ላዩ ላይ 9900 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ውሸት መሆኑን ወዲያው እወቁ። ያን መጠን የሚይዝ 18650 የለም። ክብደቱም ያጋልጠዋል። ደህናው 45 ግራም ገደማ ይመዝናል። ወንድሜ አንዱን 9900 ወርቅ ቤት ወስዶ አስመዘነው፤ 30 ግራም እንኳ አልሞላም። ቀፎው ውስጥ ከርሱ ያነሰ ድንጋይ ተደብቆ ነበር። እጃችሁ ላይ ስታደርጉት ባዶ ቀለህ ከመሰላችሁ አትግዙት።

አራተኛው ድንጋዩ የማይወጣ፣ በስልክ ቻርጀር ቻርጅ የሚደረገው ነው። ለብዙ ቤት ምቹ ነው። መብራት ባይኖር በፓወር ባንክ ወይም በትንሽ ሶላር ይሞላል። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ድንጋዩ የታሸገ ከሆነ እሱ ሲያረጅ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ይጣላል። የሚፈታና የሚቀየር ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ርካሾች ቀዳዳቸው ታይፕ ሲ ሆኖ ሳለ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ አይሞሉም። አንድ ጫፉ ሰፊው፣ የድሮው ዓይነት በሆነ ገመድ ሲሰካ ግን ይሞላሉ። ተበላሸ ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩና ሞክሩ።

አምስተኛው ከኋላው ሁለት እግር ተስቦ ወጥቶ ቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካው ነው። ብዙዎቹ ውስጣቸው እንደ መኪና ባትሪ በእርሳስና በአሲድ ነው የሚሠሩት። ይህ ዓይነቱ ድንጋይ ባዶውን መቀመጥ አይወድም። ተጠቅማችሁ፣ አልቆ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ከቆየ ዳግም አይነሳም። ከገዛችሁት በተጠቀማችሁ ማግስት ሙሉት። ባትጠቀሙበትም በየሁለት ወሩ ሙሉት። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ባይገዛው ይሻላል።

ዘመድ ከጅዳ ወይም ከዱባይ የሚመጣላችሁ ከሆነ ሰፋ ያለ ምርጫ አላችሁ። ወሎ ቤት ደግሞ ይህ ዘመድ አይጠፋም። በአነስተኛ ዋጋ ጥሩ ከሚባሉት መሐል በ18650 የሚሠራው ኮንቮይ ኤስ2 ፕላስ እና በግድግዳ ሰዓት ድንጋይ የሚሠራው ሶፊርን ኤስፒ10 ፕሮ አሉ። ሲመጡ ትርፍ የሊቲየም ድንጋይ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ወደ አውሮፕላኑ ሆድ በሚገባው ሻንጣ ውስጥ ማድረግ ክልክል ነው። ድንጋዩ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እንዳይነካካ በላስቲክ መያዣ ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ የሚያህል የሊቲየም ድንጋይ አለ፣ 14500 ይባላል። መጠኑ አንድ ነው፣ ጉልበቱ ግን 3.7 ቮልት ነው። ባትሪው 14500 እንደሚችል በግልጽ ካልተጻፈበት አታስገቡ፤ ሊያቃጥለው ይችላል።

ጉም እና ሩቅ የሚወረውር ብርሃን

ብርሃን ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አንዱ ጠብቦ ሩቅ ይወረውራል። ሌላው ሰፍቶ ቅርብ ይበትናል። ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ወርዋሪው ነው፤ ማዶ ድረስ ሄዶ ሲያርፍ ያስደስታላ! ለቤትና ለመንገድ ግን የሚበትነው ይሻላል። ከመሐሉ ደመቅ ብሎ ዙሪያውን እየደበዘዘ የሚሄድ ከሆነ ሁለቱንም ይሠራል። ጠባብ ክብ ብቻ የሚያበራ ባትሪ ይዛችሁ ደረጃ ስትወርዱ የምታዩት አንድ ደረጃ ነው፤ እግራችሁ ያለበትን አታዩም።

አፍንጫው እየተሳበ ብርሃኑን የሚያጠብና የሚያሰፋውን ብዙ ሰው ይወደዋል። ለኪስ ይረክሳል፣ ለመማሪያም መጥፎ አይደለም። ግን ሲጠብ ከብርሃኑ ብዙው ውስጥ ይቀራል። የሚንሸራተተው ክፍል ደግሞ ውሃና አቧራ ያስገባል። እኔ ለመጀመሪያ ባትሪ አልመርጠውም።

የደሴን ጉም የሚያውቅ ያውቃል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሃረጎን ዳገት ስትወጡ ግን ከአንዱ አየር ወደ ሌላው ነው የምትሻገሩት። አንድ ምሽት በሚኒባስ እየመጣሁ ሃረጎ ላይ ጎማ ፈነዳ። ጉሙ እንደ ጥጥ ነው። ረዳቱ ኃይለኛ ወርዋሪ ባትሪ ይዞ ወረደ፤ በዓይኑ ትይዩ ከፍ አድርጎ ወደ ፊት አበራ። ነጭ ግድግዳ ብቻ! የአስፋልቱ ጠርዝ የት እንደሆነ፣ ገደሉ የት እንደሚጀምር አይታይም። የእኔን ትንሿን አውጥቼ መካከለኛው ላይ አደረግኋት። ከጉልበቴ ዝቅ አድርጌ መሬት መሬቱን አበራሁ። ጠርዙ ታየ። ከኋላ ለሚመጣ መኪና ምልክት የሚሆን ድንጋይ የደረደርነው በዚያች ብርሃን ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጉም ማለት ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው። ብርሃኑ ጠብታው ላይ አርፎ ወደ መጣበት ይመለሳል። ባትሪው ዓይናችሁ አጠገብ ከሆነ የሚመለሰው ሁሉ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ከዓይናችሁ ካራቃችሁት፣ ዝቅ ካደረጋችሁት፣ ከቀነሳችሁት ታያላችሁ። በግንባር የሚታሰረው ባትሪ በጉም ቀን የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው፤ ፈታችሁ በእጅ ያዙት።

በግንባር ስለሚታሰረው ካነሳሁ ልጨርስ። ሥራችሁ ሁለት እጅ የሚፈልግ ከሆነ፣ እንደ እኔ፣ እንደ መካኒክ፣ ሌሊት ላም እንደሚያልብ ሰው፣ የመጀመሪያ ባትሪያችሁ ይኸው ይሁን። ሌላው ሰው ክሊፕ ያለው ትንሽ የእጅ ባትሪ ቢይዝ ይበቃዋል። ክሊፑ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሰካ ከሆነ ኮፍያ ጠርዝ ላይ ይሰካና የግንባር ይሆናል።

ቀለም

ይህንን ማንም ባለሱቅ አይነግራችሁም። ርካሽ ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ቀይ ነገርን በትክክል አያሳይም። በርበሬ ቡኒ ይመስላል፤ ሥጋው ትኩስ ይሁን የሰነበተ አይለይም። ለእኔ ደግሞ የደም ቀለም ሥራዬ ነው፤ የአራስ ልጅ ከንፈር ቀልቷል ወይስ ሰማያዊ ሆኗል የሚለው ጥያቄ ለነገ የሚባል አይደለም። በመጥፎ ብርሃን ሥር ሁሉም ግራጫ ነው።

ሱቅ ውስጥ መሞከሪያው እጃችሁ ነው። መዳፋችሁን ዘርጉና ዝቅተኛው ላይ አብሩበት። ሮዝ ከታየ ጥሩ፤ አመድ የነካው ከመሰለ መጥፎ። ሁለተኛ መሞከሪያ ብር ነው። አረንጓዴውን አስር ብር እና ሰማያዊውን መቶ ብር ጎን ለጎን አድርጉና በጨለማ ጥግ አብሩባቸው። በመጀመሪያ እይታ ካልተለዩ ለገበያ ሰው አይሆንም። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ የሚል ካለ ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገር ቁጥር ነው፤ መቶ ቢሞላ የቀን ብርሃን ነው፤ 90 እና ከዚያ በላይ ግሩም፣ 70 አካባቢ የተለመደው ነው። የብርሃኑ ዓይነት በኬልቪን ከተጻፈ ከ4000 እስከ 5000 ያለውን እመርጣለሁ። 6500 ዓይን የሚወጋው ሰማያዊው ነው።

ሱቅ ስትገቡ

ወደ ማታ ሂዱ። ቀን ላይ ባትሪ መምረጥ ጨው ሳይቀምሱ ወጥ ማውጣት ነው። እኔ ባለፈው ሱቅ ስገባ ባለሱቁን "ወንድሜ፣ በሩን ገርበብ አድርገህ ላየው?" አልኩት። ትንሽ ገረመው፣ ግን አደረገው።

መጀመሪያ ዝቅተኛው ላይ አብርታችሁ መዳፋችሁን እዩ። ከዚያ የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ ወደ ብርሃኑ አዙሩ። ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሱ ጥቁር መስመሮች በብዛት ከታዩ ብርሃኑ በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው ማለት ነው። ዓይን ባያየውም ለረጅም ንባብ ያደክማል። ጅራቱን ፍቱ። ጥርሱ አሸዋ እንዳለበት እየተንኳኳ ከዞረ ተዉት። ለስላሳ መሆን አለበት። የጎማ ቀለበት አለው? ከሌለው ውሃ ይገባል። ሞላው ወፍራም ነው? መልሳችሁ ዝጉና መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉት። ብልጭ ካለ ወይም ከጠፋ ግንኙነቱ ልል ነው። ማብሪያውን በእርጥብ እጅ፣ በጓንትም ሞክሩት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ተንከባሎ ከወደቀ ሌሊትም አልጋ ሥር ይንከባለላል።

ካርቶኑን ደግሞ እንዲህ አንብቡት። ኤፍኤል1 የሚል ምልክት ካለ ቁጥሮቹ አንድ ስምምነት ላይ ተመሥርተው ተለክተዋል ማለት ነው። በዚህ መለኪያ ሉመኑ የሚለካው ከተበራ ከ30 ሰከንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። የቆይታ ሰዓቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 ፐርሰንት እስኪወርድ ነው። ርቀቱም የሚለካው ብርሃኑ ሙሉ ጨረቃ ያለበት ሌሊት ያህል እስኪደክም ድረስ ነው። ስለዚህ 200 ሜትር ቢል 200 ሜትር ላይ ያለን ሰው ፊት ትለያላችሁ ማለት አይደለም። ግማሹን አስቡ። ምልክቱ ከሌለ ቁጥሩን ጨርሶ እርሱት፤ ዓይናችሁን እመኑ።

ስለ ውሃ አጭር ነገር። አይፒኤክስ4 ፍንጣሪ ይችላል፤ ለካፊያ ይበቃል። አይፒኤክስ7 አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል። የሐምሌን ዝናብ ለምናውቅ፣ ባልዲ ውስጥ የሚጥል ልጅም ላለን ሰባቱ ይሻላል።

"ስልክ አለኝ፣ ምን ያደርግልኛል?" ለሚል ሰው የእኔን 11 ፐርሰንት አስታውሰዋለሁ። ስልክ አምቡላንስ መጥሪያ ነው።

ቤት ከገባ በኋላ

ወር ያህል የማትጠቀሙበት ከሆነ የሚጣለውን ድንጋይ አውጡ። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አትቀላቅሉ፤ ደካማው ጠንካራውን ይጎትተዋል፣ ቀድሞ የሚያፈሰውም እሱ ነው። ብርሃኑ ከደከመ መጀመሪያ ድንጋዩን አትውቀሱ። የሚነካካበትን ቦታ በላጲስ ወይም አልኮል በነካው ጥጥ ጥረጉት። ብዙ ጊዜ ይነሳል። ወንድሜ "እታለም፣ ከሚመጡልኝ ግማሹን በላጲስ ነው የምጠግነው" ይለኛል። ቦርሳ ውስጥ ሳይታወቅ እንዳይበራ ጅራቱን ሩብ ዙር አላሉት።

የሊቲየም ድንጋይ ሽፋኑ ከተቀደደ፣ ካበጠ ወይም ውሃ ውስጥ ከወደቀ አትጠቀሙበት። ፍራሽ ላይ ሆኖ ቻርጅ አይደረግ። ማንኛውንም ድንጋይ እሳት ውስጥ አትጣሉ።

አሁን ደግሞ እንደ ነርስ ልናገር። ቁልፍ ላይ የሚንጠለጠሉ ትናንሽ ባትሪዎች አሉ፤ ውስጣቸው እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ርካሽ ስለሆኑ ለልጅ መጫወቻ ይሰጣሉ። እባካችሁ አትስጡ። ልጅ ያቺን ድንጋይ ከዋጠ ጉሮሮ ላይ ተሰክታ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ከዋጠ፣ ወይም ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ እስኪያለቅስ ወይም እስኪያስታውክ አትጠብቁ። እናንተም እንዲያስታውክ አታድርጉ። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

መብራት ሲሄድ ክፍል ማብራት ከፈለጋችሁ ባትሪውን ወደ ኮርኒስ አቁሙት። ነጭ ኮርኒስ ከሆነ ብርሃኑ ተመልሶ ክፍሉን ይሞላዋል። ኮርኒሱ ጥቁር ወይም ቆርቆሮ ከሆነ በሃይላንድ ውሃ ሙሉና ባትሪውን ከሥሩ አድርጉት። ውሃው ብርሃኑን ይበትነዋል፤ አንድ ቤተሰብ እራት ይበላበታል።

የመጨረሻ ሥራ ቀርቷችኋል። አዲሱን ባትሪ በደንብ ሙሉና ማታ ስትተኙ ዝቅተኛው ላይ አብርታችሁ ተዉት። ጠዋት ከበራ አጥፉት፣ በማግስቱ ማታ እንደገና። መድከም ሲጀምር አቁሙና ስንት ሌሊት እንደሄደ ቁጠሩ። ካርቶኑ የማይነግራችሁን የምታውቁት እንዲህ ነው። የእኔው ላይ በቁስል ፕላስተር "7 ሌሊት" ብዬ ጽፌ ለጥፌበታለሁ። ተረኛ ስሆን ቦርሳዬ ውስጥ የማስገባው እሱን ነው።